ለገና በሚሠራ የቤተሰብ ፊልም ውስጥ ካርቱን ምን ይሠራል?

የክርክሩ ነጥብ ይሄ ነው። ወሎ ውስጥ ለገና የሚሆን፣ ልጅም አያትም አብረው የሚያዩት ፊልም ቢሠራ፣ ተዋናይና አኒሜሽን ይቀላቀል ወይስ ሰው ብቻ ይሁን? «ይቀላቀል» የሚለው ኮምቦልቻ ውስጥ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት ነው። «ሰው ይበቃናል» የሚሉት ደግሞ ደሴ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያስተማሩ እናት ናቸው።

ከኮምቦልቻ፦

በዓል ቀን ቤታችን ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ቀርቧል፣ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም። ድራማ ሲመጣ ልጆቹ ስልክ ይዘው ወደ ጓዳ ሹልክ ይላሉ። ካርቱን ሲከፈት ደግሞ ትልልቆቹ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ሁለቱንም እኩል ሲይዝ ያየሁት ሰውና አኒሜሽን የተቀላቀለበት ፊልም ነው። አያት የተዋናዩን ፊት ይከተላሉ፣ ልጁ የተሳለውን እንስሳ፣ ከዚያ አንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ አብረው ይስቃሉ።

ነገሩ ኮምፒውተር ያመጣው ፋሽንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው «ሜሪ ፖፒንስ» ላይ ተዋናዩ ከተሳሉ ፔንግዊኖች ጋር ይጨፍራል። ያኔ ተዋናዮቹን የቀረጹት ቢጫ የሶዲየም መብራት በበራበት ነጭ መጋረጃ ፊት ነው፤ ካሜራው ውስጥ የነበረው ፕሪዝም (ብርሃን የሚከፍል መስታወት) ያንን ቢጫ ብርሃን ከሰዎቹ ይለየዋል፣ በቦታው ስዕሉ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ሁ ፍሬምድ ሮጀር ራቢት» ደግሞ በእጅ የተሳለ ጥንቸል ከመርማሪ ጋር ያውላል። ጥንቸሉ ዕቃ ሲያነሳ የምናየው ዕቃ እውነተኛ ነው፣ በሽቦና በማሽን ነው ያንቀሳቀሱት። ተዋናዩ ቦብ ሆስኪንስ ባዶ አየር እያየ ነው የሚያወራው፣ ግን ዓይኑ የጥንቸሉ ቁመት ላይ ስላረፈ እናምነዋለን። እኛስ ለምን አንሞክረውም?

ከደሴ፦

ልጄ፣ ሙያውን አላናናቅኩም። የጠቀስካቸው ግን ትልልቅ ስቱዲዮዎች የሠሯቸው ናቸው። አኒሜሽን በሰከንድ 24 ምስል ይፈልጋል። የ90 ደቂቃ ፊልም ስንት ነው? 129,600 ምስል። ግማሹን ብትስል እንኳ ያ ሁሉ ብር ከማን ኪስ ይወጣል? ደሴ ውስጥ ጎበዝ የመድረክ ተዋናይ ሥራ አጥቶ እያለ ገንዘቡን ለተሳለ አይጥ አላወጣም።

ደግሞ ልጆቻችን የሚያውቁትን የበዓል ፊልም ተመልከት። በረዶ፣ ቀይ የለበሰ ሽማግሌ፣ ጭስ ማውጫ። እሱም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ 28፣ በረዶም የለውም። ካርቱኑ ከዚያ ቤት ሲመጣ ልማዱንም ይዞ ነው የሚመጣው።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። የወሎን በዓል በዓል ያደረገው ሰው ነው። ሙስሊም እንግዳ ካለ ለብቻው ዶሮ ወይ ፍየል ይገዛል፤ ሙስሊም ጎረቤት ተጠርቶ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ድስቱም ለብቻ ነው። ለኢድ ደግሞ በተራው እንዲያው ነው። ያቺን ዶሮ ይዞ በር ላይ የቆመውን ሰውዬ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። አጠገቡ የሚዘል ካርቱን ካለ ልጁ ሰውዬውን ያየዋል? አያየውም።

አባባ ተስፋዬ ለ40 ዓመት ገደማ ልጆችን ሰብስበው በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ጅቡም ጦጣውም በድምፃቸውና በእጃቸው ነበር የሚመጣው። ልጁ ጅቡን ራሱ ነበር የሚስለው። አንተ ስለህ ስትሰጠው ያ ሥራ ከልጁ ይወሰድበታል።

ከኮምቦልቻ፦

አብሽሩ እትዬ፣ ሙሉውን ፊልም ይሳል አላልኩም። የገና ፊልም ምሳሌ ካስፈለገ «ኤልፍ» አለ፣ እ.ኤ.አ. የ2003። መጀመሪያው ላይ ሰሜን ዋልታ እያሉ በአሻንጉሊት አኒሜሽን የተሠሩ እንስሳት ይታያሉ፣ ታሪኩ ኒውዮርክ ከገባ በኋላ ግን የሰው ፊልም ነው። ዋናውን ተዋናይ ከሌሎቹ ግዙፍ ያስመሰሉት ብዙውን ጊዜ እሱን ለካሜራው አቅርበው፣ ሌሎቹን አርቀው በማስቀመጥ ነው። ይሄ ብር አይፈልግም፣ ልክ መያዝ ነው የሚፈልገው። እኛም 5 ደቂቃ አኒሜሽን ይበቃናል። 7,200 ምስል ነው፤ አንዱን ስዕል ለሁለት ምስል ከተጠቀምን 3,600 ስዕል። ብርቱ የሆኑ ጥቂት ልጆች ይወጡታል።

ምኑን እንስላለን ካሉኝ፣ ንቦቹን። ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው ይባላል፣ እናቱም ይነግሣል አለች ይባላል። ልደቱም የሚከበረው በገና ቀን ነው። ይሄ የእኛ የገና ታሪክ ነው፣ ከማንም አልተዋስነውም። እስቲ ይንገሩኝ፣ ድንጋይ የሚጠርብ ልጅ አጠገብ እውነተኛ የንብ መንጋ አምጥተው እንዴት ይቀርጻሉ? ተረት ይበቃል ያሉትም እውነት ነው፣ ተረት የሚነግር ሰው ቤት ውስጥ ካለ። አሁን በየቤቱ ማን ይነግራል?

ከደሴ፦

የማይነግር ከሆነ ይንገር! ፊልሙ አያትየውን ተክቶ እንዲያወራ አልፈልግም።

ንቦቹ ግን ልቤን ነክተውታል፣ እውነቱን ልንገርህ። ቢሆንም አንድ ነገር አጥብቄ እይዛለሁ። ንጉሡ በካርቱን እንዳይሳል። ሰው ጻድቅ ብሎ የሚማጸነውን ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ሲዘል ማየት ብዙ ቤት ያስቀይማል። ላሊበላ ላይ በገና የሚዘመረው ቤዛ ኩሉም እንዳለ ይሁን። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ነጭ ለብሰው ገሚሱ ከላይ ድንጋዩ ጫፍ ቆሞ፣ ገሚሱ ከታች ሆኖ ሲቀባበሉት አንዲት የተሳለች ንብ እዚያ ውስጥ ብትገባ እኔ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ። ንቡ ከልጁ ጋር መንገድ ላይ ይሁን፣ የገና ጨዋታው ሜዳ ላይ ይሁን፣ ዱላውና ሩሩ (ኳሱ) መካከል ይግባ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ፣ እዚያ ቢዘል አይከፋኝም። ጎረቤቱ ዶሮ ይዞ ሲመጣ ግን ንቡ ይውጣ። ያ ትዕይንት ላይ ካለ ፊልሙን አልደግፍም።

ከኮምቦልቻ፦

በዶሮው ትዕይንት ተስማምተናል፣ ንቡ ከደጅ ይቀራል። ቤተ ማርያምንም አልነካም። ንጉሡ ላይ ግን ገና እንከራከራለን፤ በካርቱን ባይሆን እንኳ በጥንት የብራና ስዕል መልክ፣ ፊቱ ሳይዘል፣ ቆሞ ቢታይ ምን ይላሉ?

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። ስዕሉ የሚሳለው በተቀረጸው ምስል ላይ ስለሆነ ሰዎቹ መጀመሪያ መቀረጽ አለባቸው፤ የልጁ ዓይን የት እንዳረፈ ሳይታወቅ ንቡ አይሳልም። ቤዛ ኩሉና የገና ጨዋታው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚገኙት። ዘንድሮ ታኅሣሥ ካልቀረጽን ለከርሞ ገና አይደርስም።