መጨረሻው ቢታወቅም ልብ ያንጠለጥላል

«ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ መጨረሻው ከተነገረ አለቀለት፤ ታዳጊዎችማ ጨርሶ አይነኩትም» የሚለው አስተያየት፣ ብዙዎች የሚያምኑበት ቢሆንም፣ እርማት ያስፈልገዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ሌቪትና ክሪስተንፌልድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የአጫጭር ልብ ወለዶች ፍጻሜ ቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች ካልተነገራቸው ይልቅ ታሪኮቹን በአማካይ የበለጠ ወደዋቸዋል፤ ከታሪኮቹም መካከል የወንጀል ምስጢር የሚፈታባቸው ነበሩበት። (ተሳታፊዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ሁሉ በዚህ ውጤት አልተስማሙም።) ልብ የሚሰቅለው ባለታሪኩ የማያውቀውን አደጋ አንባቢው ማወቁ ጭምር ነው። እዚህ ሐዋሳ የአሥራ አምስት ዓመቷ የእኅቴ ልጅ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የተውሶ መጽሐፍ ስታገኝ መጀመሪያ የምትገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ ምክንያቷን ብጠይቃት «ገዳዩን ካወቅሁት ፈገግታው ራሱ ያስፈራኛል» አለችኝ።