«ማን ጩህ አለህ?»

አሁን ከልምምድ ክፍሉ ወጥቼ ጣና ዳር ተቀምጫለሁ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። እንግዳው መምህር ዛሬ መጡ። ስድስት ወር የለፋሁበትን የባኽ ኢንቬንሽን፣ አጭር የልምምድ ቁራጭ፣ በፒያኖ ተጫወትኩላቸው። ፎርቴ፣ ማለትም «ጮክ አድርግ»፣ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ በሙሉ ትከሻዬ ወረድኩበት። እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ማን ጩህ አለህ?»

«ባኽ ነዋ! ይኸው ተጽፏል።»

መነጽራቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ጠረጉት። «ባኽ ሲሞት፣ ይህን የጻፈልህ ሰውዬ ገና አልተወለደም።»

ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምራቸው ልጆች ፊት! አንዷ አፏን በመዳፏ ሸፍና ስትንፈቀፈቅ አየኋት።

ለካስ ባኽ እ.ኤ.አ. በ1723 አስተካክሎ የገለበጣቸው 15 ኢንቬንሽኖች የድምፅ መጠን ምልክት የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ፍጥነታቸውንም አልወሰነም። የእኔን ቅጂ በምልክት ያስጌጠው አዘጋጁ ቼርኒ ነው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፒያኖ መምህር። በምን ልወቅ? የያዝኩት የቅጂ ቅጂ ነው፣ ሽፋን እንኳ የለውም!

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አያቴ የድጓ መምህር ነበሩ። አንድ ተማሪ ደረት የሚባለው የዜማ ምልክት በሚገባበት ጭረት የሚባለውን ቢያስገባ አይለቁትም፤ የዜማ ቤቱን፣ «የቤተ ልሔም ነው የቆማ?» ሳይሉ ዜማ አይሰሙም። ጎጃም ተወልጄ፣ በዚያ ቤት አድጌ፣ «ይህ የማን ቤት ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ፎቶ ኮፒ ቤቱንማ አታንሡብኝ። አምና የሶናቲና መጽሐፌን ስካን አድርጎ «ነጠብጣብ በዝቶበት ነበር፣ አጸዳሁልህ» አለኝ በኩራት። ስታካቶዎቼን፣ ኖታው አጠር ተደርጎ እንዲመታ የሚያዙትን ነጥቦች! ሦስት ምት የነበረው ኖታም የጎን ነጥቡን አጥቶ ሁለት ምት ሆኖ ቀረ። የማጽጃም አስከፈለኝ።

መምህሩ «ኡርቴክስት የሚል ግዛ፤ አቀናባሪው የጻፈውንና አዘጋጁ የጨመረውን ለይቶ ያሳይሃል» አሉኝ። በየትኛው ዩሮ? ቃሉንስ ትርጉሙን በወጉ ሳላውቅ ከዚህ በፊትም ሰምቼው፣ ጀርመን ላለችው አክስቴ ፊደል በፊደል ጽፌ ልኬላት ነበር። ለፋሲካ ስትመጣ ለጀማሪ ልጆች የቀለለ፣ ድብ የተሳለበት መጽሐፍ ይዛልኝ መጣች። «ይኼኛው ኖታው ትልልቅ ነው፣ ዓይንህን አያደክምህም።» ምን ይባላል? ጉልበቷን ስሜ ተቀበልኩ።

ማታ ፎርቴዎቹን በማጥፊያ ቀለም አንድ በአንድ አጠፋቸዋለሁ። የጣት ቁጥሮቹን ግን አልነካም፤ ለዚህች ደካማ አራተኛ ጣቴ ያዘነላትን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አላስቀይምም።