ላብራቶሪው ከሥር ይጀምር

ስለ ባህል መድኃኒት በተነሳ ቁጥር አንድ ሐሳብ ይደጋገማል፦ ጤና አዳሙን፣ ዳማ ከሴውን፣ እንዶዱን በቲሹ ካልቸር (የተክል ቁራጭን ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ በማሳደግ ዘዴ) አሳድገን ፈዋሹን ንጥረ ነገር ከጠርሙስ እናውጣ። ሐሳቡ ይማርካል፤ የተክሎቹ ምርጫ ግን አያዋጣም። ጤና አዳም በየጓሮው አለ። እንዶድ ፍሬው ቢለቀም መልሶ ያፈራል። ከማሳ በርካሽ የሚገኝን ነገር ስኳርና መብራት በሚበላ ጠርሙስ መተካት ለማንም አይጠቅምም።

ጠርሙስ የሚገባው ሥሩ ተቆፍሮ ለሚሸጥ ተክል ነው። ድንገተኛና ቀበርቾ የኢትዮጵያ ብቻ ተክሎች ናቸው፤ ከሁለቱም የሚፈለገው ሥሩ ነው፤ ሥሩ ከወጣ ተክሉ አለቀ። ምርጫው ለእኔ ቢሰጥ በድንገተኛ እጀምራለሁ። ለሆድ ቁርጠት የሚታኘከው ይህ ሥር የባቄላና የአተር ቤተሰብ ነው፤ በውስጡ ያሉት አይሶፍላቮኖይዶች ደግሞ የዚህ ቤተሰብ ተክሎች ፈንገስ ሲያጠቃቸው የሚያመርቷቸው የመከላከያ ኬሚካሎች ዘመድ ናቸው። ስለዚህ ሥሩን የተጠቃ በማስመሰል ምርቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው።

ሴል ብቻውን በጋን አሳድጎ የተሳካለት አለ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1983 ሺኮኒን የተባለውን ቀይ ቀለም በዚህ መንገድ ለገበያ አቅርበዋል፤ በመጀመሪያው ጋን ሴሉን አብዝተው አሞኒየም ወደሌለበት ሁለተኛ ሚዲያ (ሴሉ የሚያድግበት ምግብ) ያዛውሩት ነበር፤ አሞኒየም ባለበት ሺኮኒን አይመረትምና። የካንሰር መድኃኒቱ ፓክሊታክስልም ከሴል ካልቸር ይመረታል። ከእነዚህ ጀርባ ግን ብዙ ያልተሳካ አለ። የቪንካ ተክል ካለስ (ቅርጽ ያልያዘ የሴሎች ክምችት) ካታራንቲንን ይሠራል፤ ቪንብላስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ለመሆን የሚያስፈልገው ሌላኛው ግማሽ፣ ቪንዶሊን፣ ግን ቅጠል ውስጥ ያሉ ልዩ ሴሎችን ይፈልጋል። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒንም የሚመረተው ቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ነው፤ ካለስ ደግሞ እነዚህ ፀጉሮች የሉትም። ከሥር የሚፈለገውን በሥርነቱ ማሳደግ ይህን ጣጣ ያቀላል። ላብራቶሪው ጎንደር ላይ ከሆነ ሌላም ምክንያት አለ፦ መብራት ሲሄድ ጠርሙሱን የሚነቀንቀው ሼከር ይቆማል፣ ሴሉ ይዘቅጣል፣ ኦክስጅን ያጥረዋል። በስስ ሚዲያ ላይ የተኛ ሥር ግን የተሻለ ይታገሳል።

አግሮባክቴሪየም በተባለ፣ የራሱን ዘረመል ወደ ተክል በሚያስገባ ባክቴሪያ የሚወጣው ፀጉራማ ሥር ያለ ሆርሞን በፍጥነት ያድጋል፤ ነገር ግን ዘረመሉ የተለወጠ ስለሆነ የደኅንነተ ሕይወት ሕግ ይመለከተዋል። ለጅምር አይቢኤ በተባለው ሥር አስወጪ ሆርሞን የሚወጣው ተራ ሥር ይበቃል።

መነሻው ዘር ይሁን እንጂ ከገበያ የተገዛ ሥር አይሁን፤ አፈር ውስጥ የኖረ ሥር በውስጡ የያዘውን ባክቴሪያ በረኪና አይደርስበትም። የዘሩ ልባስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ 1 ደቂቃ፣ ከዚያም ከ1 እስከ 2 በመቶ ክሎሪን ባለውና የዕቃ ሳሙና ጠብ በተደረገበት በረኪና ውስጥ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ከጀርም በጸዳ ውኃ 4 ጊዜ ይለቀለቃል። የሱቅ በረኪና ሲከርም ኃይሉን ስለሚያጣ አዲስ መግዛት ይሻላል። ሚዲያው ኤምኤስ የተባለው የተለመደ የማዕድንና የቫይታሚን ድብልቅ ነው፤ በሊትር 30 ግራም ስኳር፣ 8 ግራም አጋር (ማርጊያ)፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) 5.8። ከቡቃያው 1 ሴንቲ ሜትር እየተቆረጠ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም አይቢኤ ባለው ሚዲያ ላይ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው ጎን ለጎን በመሞከር ነው። የወጣው ሥር ተቆርጦ አጋር ወደሌለው ፈሳሽ ሚዲያ ይዛወራል።

ብዙ ጠርሙስ የሚበላሸው ግን ሚዲያውን በግፊት እንፋሎት ከጀርም በሚያጸዳው ዕቃ፣ በአውቶክሌቩ፣ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ላይ ካሉ ቦታዎች በሩብ ገደማ ያንሳል። መመሪያው «15 ፒኤስአይ» (የግፊት መለኪያ) ቢልም ጌጁ የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ እዚህ 15 ላይ ሙቀቱ 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል። 121 ለመድረስ 18 ፒኤስአይ ያህል ያስፈልጋል። ዕቃው ለዚያ ካልተሠራ ማስገደድ አደጋ ነው፤ ጊዜውን ከ20 ወደ 45 ደቂቃ ማራዘም ይሻላል። ሙቀት ለክቶ የሚሠራ ዲጂታል አውቶክሌቭ ያለው ይህ አያሳስበውም። ሌላው ግን ሚዲያው በደፈረሰ ቁጥር የቴክኒሻኑን እጅ ከመውቀሱ በፊት ጌጁን ይጠይቅ።

ሥሩን የተጠቃ የሚያስመስለው ማነቃቂያ፣ ሜቲል ጃስሞኔት፣ በሊትር 100 ማይክሮሞል ያህል ሆኖ የሚሰጠው ሥሩ ከበዛ በኋላ ነው፤ 4ኛው ሳምንት አካባቢ። ቀድሞ ከተሰጠ እድገቱ ይቆማል፤ የንጥረ ነገሩ መቶኛ ያማረ፣ ክብደቱ ግን እፍኝ የማይሞላ ሥር ይተርፋል። ከዚያ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ7ኛው ቀን ናሙና መውሰድ ነው። ሥሩ ሲጠቁር ከሰል መጨመር የተለመደ ነው፤ ይሁንና ከሰል ሆርሞኑንም ሆነ የምንፈልገውን ንጥረ ነገር ይመጥጣል። ያገለገለው ሚዲያም ሳይለካ አይደፋ፤ ምርቱ ወደ ፈሳሹ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡን ቀድሞ መሥራት ደግሞ ከብዙ ቅዠት ያድናል። አንድ ሊትር 10 ግራም ደረቅ ሥር ቢሰጥና ንጥረ ነገሩ 0.2 በመቶ ቢሆን የሚገኘው 20 ሚሊ ግራም ነው። ለ1 ኪሎ 50,000 ሊትር! ስለዚህ የመጀመሪያው ምርት መድኃኒት ሳይሆን ለጥራት መፈተሻ የሚያገለግል ንጹሕ ማመሳከሪያ መሆን አለበት፤ የዚህ ዓይነቱ በሚሊ ግራም ይሸጣል። ለዚህ ደግሞ ሥር የሚያሳድገውና ኬሚካል የሚለካው አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮቴክኖሎጂም ፋርማሲም አለው። ዘሩ ከመሰብሰቡ በፊት የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው የአዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድና የማኅበረሰቡ የጥቅም ድርሻ በጽሑፍ ይለቅ፤ ጠርሙሱ ካማረ በኋላ የሚጀመር ድርድር ይከብዳል።