ዕድሜ ለአሳሳቢው አምበል!

እሰይ! ምስጢሩ ተገለጠ። ቅዳሜ ማታ በሰው ፊት የተንኮታኮተው የኮሌጅ ፉትቦል ቡድን (የአሜሪካው፣ ኳሷን በእጅ የሚይዙት) ለምን እንደተሸነፈ ታወቀ። ደክሞ ያወቀልን ደግሞ የቡድኑ አምበል ነው፤ ኳሷን የሚወረውረውና ጥቃቱን የሚመራው ኳርተርባክ ራሱ። ሻወር ወስዶ፣ ፀጉሩን አስተካክሎ፣ የስፖንሰር አርማ ከተደረደረበት ሰሌዳ ፊት ተቀመጠና ማይኩን ወደ አፉ ሳብ አደረገ። "ኦፌንሲቭ ላይናችን ከዚህ የተሻለ መጫወት አለበት" አለ። አለቀ፣ ደቀቀ። እኛ ሞኞቹ በእጁ ለተቃራኒ ቡድን ያስረከባቸው ኳሶችም ትንሽ አስተዋጽኦ ያደረጉ መስሎን ነበር።

የትኛው ቡድን እንደሆነ አልነግራችሁም። የእናንተም ቡድን ነው። ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ አለ፤ ቅዳሜ ከተሸነፉ ሰኞ ማሳሰቢያ አለ። አንዳንድ ሳምንት አሰልጣኙ ያሳስባል። አንዳንድ ሳምንት አምበሉ ያሳስባል። ነገሩ ሲከፋ ሁለቱም ተራ በተራ ያሳስባሉ። ላይኑ ግን ማንንም አሳስቦ አያውቅም፤ ማይክ ፊት የሚያስቀምጠው ሰው የለማ።

ጨዋታውን ለማታዘወትሩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከሚያጠቁት አሥራ አንድ ተጫዋቾች አምስቱ ከፊት ይደረደራሉ፤ ላይን የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሀል ላይ ሴንተሩ፣ ግራና ቀኙን ሁለት ጋርዶች፣ ዳርና ዳር ሁለት ታክሎች። 130 እና 140 ኪሎ የሚመዝኑ ወጣቶች ናቸው። ሥራቸው ፊት ለፊታቸው እየደነፋ የሚመጣውን የዚያኑ ያህል ሰው ማስቆም ነው። ወደፊት የተወረወረ ኳስ እንቀበል ቢሉ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ቀኑን ሙሉ ሲገፉና ሲገፈተሩ ይውላሉ፣ ስማቸውን የሚያነሣ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣሉ፤ ዳኛው ማይኩን ከፍቶ "ሆልዲንግ፣ ቁጥር 72" ሲል፤ ሰው ጨምድዶ ያዘ ማለቱ ነው። ያኔ ስታዲየሙ ሙሉ ይሰማል፤ ቡድኑም አሥር ያርድ ወደኋላ ይመለሳል። ያኔም ቢሆን የተጠራው ቁጥሩ ነው።

እንግዲህ አምበላችን "በርታ" ያለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ደግነቱን እዩልኝ!

ከአምበላችን ሥራዎች ሁሉ እኔ አንዷን በጣም እወዳታለሁ። ከአራቱ ሙከራዎች ሦስተኛው ነው፤ ከሚፈለገው አሥር ያርድ ስምንቱ ይቀራል። ሴንተሩ ኳሷን በእግሮቹ መሀል ወደኋላ ሰጠ። ተቃራኒው አራት ሰው ላከ፤ የእኛዎቹ አምስት ናቸው፤ ቀጥ አድርገው ያዟቸው። አንድ ሰከንድ። ሁለት ሰከንድ። ደህና ኳርተርባክ በሁለት ሰከንድ ተኩል አካባቢ ኳሷን ከእጁ ያወጣል። አምበላችን ግን የጥድፊያ ሰው አይደለም። ወደ ቀኝ አየ። በቀኝ በኩል አንዱ ጓደኛው ብቻውን ቆሞ እጁን ያውለበልባል። አልጣመውም። ወደ ግራ አየ። ሦስት ሰከንድ። ኳሷን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት፣ እሹሩሩ አላት። አራት ሰከንድ። ይሄኔ የግራው ታክልና የያዘው ሰውዬ እንደ አገር ቤት ሰው ሰላምታ ጀምረዋል፤ እንዴት ሰነበትክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰብ ደህና፣ እናትህን ጉልበታቸውን ተሻላቸው ወይ፣ ዝናቡስ እንዴት ነው። አምስት ሰከንድ። ሰላምታው ወደ አጎቶች ተሻገረ። አምበላችን ወደኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። አምስት ያርድ፣ አሥር ያርድ። ያባረረው የለም፤ ዝም ብሎ አፈገፈገ። ከዚያ ወደ ዳር ወጣ። እዚያ ቆሞ ኳሷን አርቆ ከሜዳ ውጭ ቢወረውራት ማንም አይቀጣውም፤ ሕጉ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው የተጻፈው። አልወረወራትም። ዞሮ ወደመጣበት ተመለሰ። ስድስት ሰከንድ። ታክሉና ሰውዬው የጋራ ዘመድ አገኙ፤ ለካስ የአክስቱን ልጅ ያገባው የሱ ጎረቤት ነው። አምበላችን እንደገና ወደ ቀኝ አየ። ያ ጓደኛው እጁን ማውለብለቡን ትቶ ወገቡን ይዟል። በሰባተኛው ሰከንድ አምበላችን ወደኋላ ሲራመድ፣ ጉድ ሆነ ብሎ ሊረዳው ሮጦ ከመጣው ከገዛ ጋርዱ ጋር ተላተመና ዘጭ አለ። የደረሰ አንድ ተከላካይ በአክብሮት እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ሳክ ተባለ፤ ኳርተርባክ ኳሷን ሳይወረውር ከኋላ ሲጣል ማለት ነው። አሥራ አራት ያርድ ከሰርን።

እሱም መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ላይኑ አየ። "ምን ነካችሁ?" እንደማለት። እጁን ይዞ ያነሣው ማን መሰላችሁ? ያ የግራው ታክል ነው። ሰላምታውን አቋርጦ መጥቶ።

የቴሌቪዥኑ ተንታኝ ደግሞ ቪዲዮውን መለሰና ክብ አደረገበት። ማን ላይ? ጋርዱ ላይ! ከኳርተርባኩ ጋር የተጋጨው እሱ ስለሆነ። "ከፊት በኩል ችግር አለባቸው" አለ፣ በሐዘን።

ከሁሉ የምታምረው ግን ሂሳቧ ነች። በኮሌጅ ፉትቦል አመዘጋገብ በሳክ የጠፋው ያርድ የሚቀነሰው ከሩጫው ነው፤ ከውርወራው አይደለም። ፕሮዎቹ ጋ እንዲህ አይደለም። ስለዚህ ያቺ ሁሉ ሽርሽር የአምበላችንን የውርወራ ቁጥር አልነካችም። ውርወራው ንጹሕ ነው፣ ሩጫው ነው የደማው። በማግስቱ ወረቀቱን የሚያይ ሰው "ሩጫቸው እኮ ሞቷል፣ ላይኑ መንገድ መክፈት አልቻለም" ይላል። ሰውዬው ሮጦ ያጠፋውን ያልሮጡት ይከፍላሉ። እንዲህ ያለ የሂሳብ ሠራተኛ በየቤታችን በሰጠን!

እዚህ ዲሲ አካባቢ ያለው የኛ ሰውም ከዚህ በረከት አልቀረም። ቅዳሜ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ፣ የኳርተርባኩን ማሊያ ለብሶ፣ "ላይኑ ነው! ላይኑ ነው የገደለን!" ይላል። እስቲ ከላይኑ የአንዱን ስም ጥራ ብትሉት ይደናገራል። የኳርተርባኩን የሴት ጓደኛ ስም ግን ከነአባቷ ያውቃል።

ማሳሰቢያው የት ቦታ እንደሚጠቅም ለማየት እኔ አንድ ጨዋታ ሙሉ ኳሷን ትቼ አምስቱን ብቻ እያየሁ ዋልኩ። ሞክሩት። በሰው ሜዳ ናቸው፤ ሰማንያ ሺህ ሰው ሆን ብሎ ይጮኻል። ኳርተርባኩ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጣራ አይሰማም። ስለዚህ ጋርዱ አንገቱን ወደኋላ አዙሮ ኳርተርባኩን ይጠብቃል። ምልክቱን ሲያይ ሴንተሩን በእጁ ቸብ ያደርገዋል። ሴንተሩ ራሱን ቀና ያደርግና ኳሷን ይሰጣል። አንዱ ከመሰጠቷ በፊት ከተንቀሳቀሰ አምስት ያርድ ቅጣት ነው። ኳሷ ከወጣች በኋላ ደግሞ ፊት ለፊቱ የነበረው ሰው ድንገት ወደ ጎን ይጠፋና ሌላው በሱ ቦታ ይመጣል። ይህን ሁሉ ሳይነጋገሩ፣ ሳይተያዩ፣ በትከሻ ብቻ እየተግባቡ ይቀባበሉታል። እንዲህ ለመግባባት አብሮ መክረም ይጠይቃል። አሁን ግን ዝውውሩ ተለቋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ተማሪው ትምህርቱ ደህና ከሆነ የፈለገውን ያህል ጊዜ ኮሌጅ ቀይሮ ወዲያው መጫወት ይችላል። ስለዚህ አምስቱ ብዙ ጊዜ ገና እየተዋወቁ ነው። "ከዚህ የተሻለ ተጫወቱ" የምትለዋ ምክር ከነዚህ ውስጥ የትኛዋን እንደምታስተካክል ማሳሰብ የተካነ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

አሰልጣኙንም ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ነው። በየሙከራው ረጅም ውርወራ ያዛል፣ ላይኑ በየሙከራው አራት ሰከንድ እንዲይዝ ይጠብቃል፣ ሳይሆን ሲቀር "በትኩረት እንሠራበታለን" ይላል። ማክሰኞ ላይ ደግሞ የላይኑን ረዳት አሰልጣኝ ያባርራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይቺ ናት። ዳውላውማ ተለመደ፤ በየዓመቱ አዲስ ይገዛል።

ገንዘቡንስ አነሣን? እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። በ2025 ደግሞ ኮሌጆቹ ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው እንዲያካፍሉ ተወሰነ። ትልቁ ቁራሽ የማን ሰሃን ላይ እንደሚወድቅ አልነግራችሁም፤ ማይኩ ወደሚሄድበት ነው። ፍትሕ የለም እንዳትሉኝ፣ ቴክሳስ ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በዲሴምበር 2021 ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የላይን ልጆች ለእያንዳንዳቸው በዓመት 50,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ስሙንም "ፓንኬክ ፋብሪካ" አለው፤ ላይኖች ሰውን በጀርባው ሲዘርሩት ፓንኬክ ይባላልና። አገር ጉድ አለ። ኳርተርባክ ሚሊዮን ሲያገኝ ግን ጉድ ያለ አልሰማሁም።

ያ የላይን ልጅ 20 ዓመቱ ነው። ሃይስኩል እያለ ኪሎ ጨምር አሉት፣ ጨመረ። ሳይርበው ብላ አሉት፣ በላ። በአንድ ጨዋታ ስልሳና ሰባ ጊዜ እንደ እሱ ካለ ግዙፍ ሰው ጋር በትከሻና በጭንቅላት ይጋጫል። ጉልበቶቹ በድጋፍ ታስረዋል፣ ጣቶቹ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ወደ ፕሮ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው የተጎዳ ጉልበቱንና ያንን ኪሎ ይዞ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ሰኞ ላይ የገዛ አምበሉ በቴሌቪዥን ይከሰዋል። ማታ ስልኩን ሲከፍት ቁማር የተበላ ሁሉ እናቱን እየጠራ ሲሰድበው ያገኛል። ከእ.ኤ.አ. 2018ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ብዙ ስቴት ውርርዱን ፈቅዷል፤ ልጆቹን መስደብም አብሮ የተፈቀደ ይመስላል። አንተ አምበሉ ደግሞ ይህን ታውቃለህ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አሳልፈህ ስትሰጠው ትንሽ አታፍርም? የምትለው ካለህ እሱ እኮ አጠገብህ ነው ልብሱን የሚቀይረው!

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

ወጣት አምበሎች እንዳይሳሳቱ አንድ መጥፎ ምሳሌ ላስጠንቅቃቸው። ቲም ቲቦው የሚባል የፍሎሪዳ ኳርተርባክ ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2008 በገዛ ሜዳቸው በኦል ሚስ (በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) 31 ለ 30 ተሸነፉ። መጨረሻ ላይ፣ በአራተኛው ሙከራ አንድ ያርድ ሲቀረው፣ እሱን ራሱን አስቆሙት። አንድ ያርድ! ላይኑን ለመክሰስ እንዲህ የተመቸ ቀን ከየት ይገኛል? ሰውየው ግን ማይኩ ፊት ቀርቦ ደጋፊውን ይቅርታ ጠየቀ። ከአሁን በኋላ እንደ እኔ የሚለፋ፣ እንደ እኔ ቡድኑን የሚገፋ አታዩም ብሎ ቃል ገባ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ። ላይን የሚባል ነገር አላነሣም። ሙያውን ጭራሽ አያውቅም! ያ ቡድን ከዚያ በኋላ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ፤ ንግግሩም ስታዲየሙ ላይ ተለጠፈ። የኛ አምበሎች አደራ፣ እዚያ አካባቢ ስትሄዱ ቀና ብላችሁ እንዳታነቡ።

ሽልማቱም ቢሆን ከአምበላችን ጎን ነው። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ሽልማት፣ ሃይዝማን፣ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ነው፤ እስከዛሬ አንድም ጋርድ፣ ታክል ወይም ሴንተር አልወሰደውም። የኦሃዮ ስቴቱ ታክል ጆን ሂክስ በ1973 ሁለተኛ ወጣ፤ ከሁለተኛ በላይ የወጣ የላይን ሰው የለም። ለጠቅላላው ላይን በአንድ ላይ ሲታሰብለት 2015 ደረሰና የጆ ሙር ሽልማት ተጀመረ። በ2024 የአርሚ ልጆች ወሰዱት፤ የጦር አካዳሚው ማለቴ ነው፣ ዌስት ፖይንት። እዚያ ቡድን ውስጥ ኳስ ብዙም አይወረወርም፤ ይገፋሉ፣ ይሮጣሉ። በዚያ ዓመት 12 ጨዋታ አሸነፉ።

በሚመጣው ቅዳሜ የሚሆነውን ደግሞ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ተጋጣሚው ደካማ ነው። አምስቱ ይገፋሉ፣ መንገድ ይከፈታል፣ ሯጩ በተከፈተለት በኩል ሲነጉድ ይውላል። የአምበላችን ሱሪ ላይ አንዲት የሣር ምልክት ሳትታይ ጨዋታው ያልቃል። ሰኞ ማይኩ ይቀርባል። አንዱ ጋዜጠኛ "ላይኑ ዛሬ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ፤ ምን ተለወጠ?" ብሎ ይጠይቃል። አምበላችንም ፈገግ ይልና "ባለፈው ሳምንት ነግሬያቸው ነበር" ይላል።