እርማት፦ የበረዶ ተራራም ይነዳል

ወንድሜ፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ግዛቶች ድንበር ላይ ስላለው የታሆ ሐይቅ አካባቢ «ሌክ ታሆ የበረዶ መንሸራተቻ አገር ነው፤ እዚያ ሰደድ እሳት አይደርስም» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ስለሚያስብ ነው የምጽፍልህ።

በረዶው ሲሞቅ ይቀልጣል። ከዚያ በካሊፎርኒያ ለወራት ዝናብ ብርቅ ነው። ነሐሴ ሲደርስ ደኑ ክው ብሎ ይደርቃል። በነሐሴ 2021 (እ.ኤ.አ.) የተነሳው የካልዶር እሳት የሴራ ኔቫዳ ተራሮችን አናት ተሻግሮ ወደ ታሆ ወረደ። ሴራ አት ታሆ የተባለው መንሸራተቻ ክፉኛ ስለተጎዳ ቀጣዩ የበረዶ ወቅት ከሞላ ጎደል አለፈው። በረዶ የሚሠሩት መሣሪያዎች ሳይቀሩ እሳቱን ለመከላከል ውሃ ሲረጩ ነበር!

ደግሞ ቤት የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ዋናው ነበልባል አይደለም። ነፋስ ተሸክሞት የሚመጣው ፍንጣሪ ነው። እሳቱ ገና ሩቅ ሳለ ቀድሞ ይደርሳል። አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ የጥድ ቅጠል ወይም በረንዳ ስር የተከመረ ማገዶ ይበቃዋል።

እባክህ፣ እዚያ ቤት ከያዝክ ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚነድ ነገር አታስቀምጥ። ውጡ ሲባልም ቶሎ ውጣ። በ2021 ከሐይቁ ዳር ያለችው የሳውዝ ሌክ ታሆ ከተማ ሰው ሲወጣ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር።