መንታው በማን ዘር ነው?

ባለቤቴ መንታ ማርገዟ የታወቀው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኩለ ቀን ላይ ደሴ ውስጥ ከሸዋ በር እስከ ሆጤ ያለው ዘመዴ በሙሉ ሰምቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «የማን ሥራ ነው?» የሚለው ክርክር ተጀመረ።

በማግስቱ ታላቅ አክስቴ የደሴ ጭጋግ ሳይገፈፍ እንደ ተከናነቡ ገቡ፤ ገና ሳይቀመጡም ፍርድ ሰጡ። «መንታ የእኛ ነው። ቅድመ አያትህ መንታ ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል!» ይህን ሲሉ እኔን በኩራት ያዩኝ ነበር። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትከሻዬን ቀና አደረግሁ። በሕይወቴ ሳላስበው በአንድ ጊዜ ሁለት የሠራሁት ነገር ይህ ብቻ ነበርና።

ክብሩ የቆየው አማቴ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው እስኪደርሱ ድረስ ነው። አማቴ ብርዱን እየረገሙ ገብተው አክስቴን ሦስት ጊዜ ከሳሙ በኋላ፣ «እትዬ፣ አይቀየሙኝና፣ የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ መንታ ወልዳለች» አሉ። ማስረጃቸው በዚህ አላበቃም፤ ልጃቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተጣበቀ ሙዝ ካገኘች ሳትበላ አታልፍም ነበር። አክስቴ ለሙዙ መልስ አላገኙም።

በቀጣዩ ቀጠሮ ሐኪሙን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ከካርዱ ጀርባ ክብ እየሳሉ አስረዱኝ። መንታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ አንድ ጽንስ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሁለት ሲከፈል የሚገኘው ነው፤ ተመሳሳይ መንታ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ይህ በአብዛኛው ዘር አይቆጥርም፤ በየትኛውም አገር ከ1,000 ወሊድ በ3 ወይም በ4ቱ ብቻ ያጋጥማል። ሁለተኛው እናቲቱ በአንድ ወር ሁለት እንቁላል ስታወጣና ሁለቱም ሲፀነሱ የሚመጣው ነው። እነዚህ ተራ ወንድማማቾች ናቸው፤ በአንድ ሚኒባስ ከመሳፈራቸው በቀር ሌላ ልዩ ዝምድና የላቸውም። ዘር የሚቆጠረው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን እንቁላል የምታወጣው ሴቷ ስለሆነች በእሷ በኩል ብቻ ይቆጠራል። ባል ከመንታ ቤት ቢወለድ ምናልባት ለሴት ልጁ ያወርሳት ይሆናል እንጂ ሚስቱን መንታ አያስረግዛትም።

ይህን እውነት ይዤ ቤት መግባት አልነበረብኝም። አክስቴ ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ አንተ ምን አደረግህ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። አማቴ ለእኔ የማዘን ያህል ቡና ቀዱልኝ። እዚህ ላይ ዝም ብል መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን የተማረ ሰው አፉ አያርፍም። «ደግሞም ዕድሜያቸው ከ35 ያለፈ ሴቶች ሁለት እንቁላል የማውጣት ዕድላቸው ከፍ ይላል» ስል የአማቴ እጅ ጀበናው ላይ ቀረ።

«ልጄን አሮጊት እያልካት ነው?»

«ረጃጅም ሴቶችም ላይ ይበዛል» ብዬ ለማምለጥ ሞከርሁ። ባለቤቴ የማጀት መደርደሪያ ላይ የምትደርሰው በርጩማ ላይ ቆማ ነው። ያን ቀን እራት የበላሁት ብቻዬን ነው።

በአራተኛው ወር ባለቤቴ «እርስ በርሳቸው የሚደባደቡ ይመስለኛል» አለች። እውነት ለመናገር በዚያ ጊዜ የእናት ሆድ ይህን አይለይም፤ ከምናብ የመጣ ነው። ነገር ግን የጣሊያን ተመራማሪዎች አምስት ጥንድ መንታዎችን በአልትራሳውንድ ተከታትለው፣ ከ14ኛው ሳምንት ጀምሮ ሆን ብለው እጃቸውን ወደ ጎረቤታቸው እንደሚዘረጉ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽፈዋል። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ምንም አልገረማቸውም። «ሰላምታ ጀምረዋል» አሉ። «ወሎዬ አይደሉ? እስኪወለዱ አይጨርሱትም።»

ወደ ስም እንለፍ። ቤተ ዘመዳችን እንደ ብዙው ወሎዬ ግማሹ አርብ መስጊድ፣ ግማሹ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነው። የአባቴ ወንድም ነገሩ ያለቀለት መስሏቸው «ሐሰንና ሁሴን» አሉ። በእኛ አገር ሐሰን የሚባል ሰው ካለ ሁሴን ሩቅ አይሆንምና። ሆኖም የነቢዩ የልጅ ልጆች መንታ አልነበሩም፤ አንዱ በሒጅራ 3ኛው፣ ሌላው በ4ኛው ዓመት ነው የተወለዱት። ይህን የነገሩን ራሳቸው ሐጂ አጎቴ ናቸው፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም። አማቴ በበኩላቸው ወደ ኦሪት ሄደው ኤሳውና ያዕቆብን አመጡ። እኔም ብኩርናውን በምስር ወጥ በሸጠ ሰው ስም ልጄን አላስጠራም ብዬ ተቃወምሁ። አማቴ «እሺ፣ አንዱ ቶማስ ይባል» አሉ። ቶማስ ማለት ራሱ መንታ ማለት ነው፤ ልጁን «መንታ» ብሎ ጠርቶ ወንድሙን ምን ሊሉት ነው?

በአምስተኛው ወር አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት መሆናቸው ታየ። ሐሰንና ሁሴንም፣ ኤሳውና ያዕቆብም በአንድ ቀን ወደቁ። ከሁሉ የከፋው ግን የእኔ አወዳደቅ ነበር፤ ወንድና ሴት ከሆኑ ከሁለት እንቁላል ናቸው፣ ከሁለት እንቁላል ከሆኑ ደግሞ ምስጋናው የእናቲቱ ነው። ክርክሩ ተዘጋ። አማቴ ኮምቦልቻ ወርደው የነገሩት ሰው ብዛት ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሁለት ፈረቃ ይበቃል።

መንታ ቀጠሮ አያከብርም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ይወለዳሉ፤ የእኛዎቹ በ36ኛው ሳምንት፣ አክስቴ ሰኞ ገበያ ለገንፎው ቅቤ እያሸተቱ ሳለ መጡ። በስልክ ሲሰሙ ቅቤውን ጥለው ቤት ደረሱ፤ እልልታም ተጀመረ። በሰፈራችን ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ለወንድና ለሴትስ? ሴቶቹ ተመካክረው ደምረው አሥር አሉት። ይህን ቁጥር በዕድሜያቸው ሰምተው የማያውቁት ጎረቤታችን፣ ዣንጥላቸውን ይዘው እየሮጡ «ኧረ ምን ተወለደ?» ብለው ደረሱ።

ቀድማ የወጣችው ሴቷ ናት፤ ወንዱ የመጣው ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ነው። አክስቴ ይህ አልተዋጠላቸውም። እኔም ላስደስታቸው ብዬ፣ ናይጄሪያ ውስጥ በመንታ ብዛት የታወቁት ዮሩባዎች ታላቅ የሚሉት ሁለተኛ የወጣውን እንደ ሆነ ነገርኋቸው፤ ታላቁ ታናሹን «ቀድመህ ውጣና ዓለምን እይልኝ» ብሎ ይልከዋል ይላሉ። አክስቴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የናይጄሪያ ደጋፊ ሆኑ። አማቴ ግን የኦሪቶቹን መንታዎች ፋሬስና ዛራን ጠቀሱ፤ ዛራ እጁን አስቀድሞ አውጥቶ ቀይ ፈትል ቢታሰርለትም ቀድሞ የወጣው ፋሬስ ነው።

ከዚያ የአራስ ጠያቂው መጣ። ዓለም ላይ ከሚወለዱ 42 ልጆች አንዱ መንታ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርዱ ሦስት ሚኒባሶች ከነትርፍ ሰዋቸው ቢቆጠሩ አንድ መንታ አያጡም ማለት ነው። ጠያቂዎቻችን ግን ልጆቹን ያዩዋቸው ከሰማይ እንደ ወረዱ አድርገው ነው። አንዲት ሴት ወንዱንና ሴቷን ገላልጠው ካዩ በኋላ «ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ሌላው የቀበሌ ሠራተኛ፣ ፋይዳ መታወቂያ ሲያወጡ አሻራቸው እንዳይደባለቅ ሰጋ። ፍጹም የሚመሳሰሉት መንታዎች እንኳ አሻራቸው እንደሚለያይ ነግሬ ሸኘሁት። ስጦታው ግን እንደ ነጠላ ልጅ ነበር፦ አንድ ሹራብ፣ አንድ ኮፍያ። «ይፈራረቁበታል» ይላሉ።

በሁለተኛው ሳምንት አማቴ «ይህ የደሴ ብርድ አጥንቴን በላው» ብለው ሐረጎን ቁልቁል ወረዱ። የቀሩት አክስቴ ናቸው፤ በሚቀጥለው ክፍል በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ይተኛሉ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱም አብረው አለቀሱ። አንዱን ባለቤቴ ያዘች። ሴቷን እኔ ተሸክሜ ወዲያ ወዲህ ብል እንቢ አለችኝ። በመጨረሻ የአክስቴን በር ገፋ አድርጌ፣ «አክስቴ፣ እባክዎን የቅድመ አያቴን ዘር ለአንድ አፍታ ይያዙልኝ» አልኋቸው።

ከጋቢው ሥር፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ መለሱልኝ።

«ሐኪሙ በእናቲቱ በኩል ነው ብሎ የለ? ኮምቦልቻ ደውል።»