ፎርማት ይደረግ!

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ቢታመም ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ ኮምፒውተር ቢታመም ግን ሐኪሞቹ ራሳቸው ይመጣሉ። የጠራቸው የለም። ባጃጁን በር ላይ አቁሞ መንጃ ፈቃዱን ፎቶ ኮፒ ሊያደርግ የገባው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የመጣው፣ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ከዘጌ በጀልባ የተሻገረው ሳይቀር ስክሪኑን ከበው ይመረምራሉ። ምርመራው ይለያያል፤ መድኃኒቱ ግን ያው አንድ ነው፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። «ፎርማት ይደረግ!»

ፔዳ አካባቢ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በሽታዋ የታወቀ ነበር፤ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት አንቲቫይረስ። አንዱ አንቲቫይረስ ኮምፒውተሩ ሲገዛ ለሙከራ ተጭኖ የመጣ ነው፤ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል፤ በየሰዓቱ ብቅ እያለ ክፍያ ይጠይቃል። ሁለተኛውን አንድ ደንበኛ «ይህ ይሻላል» ብሎ ከፍላሹ ገልብጦላቸዋል። ሁለቱም እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት እኔ ልፈትሸው ስለሚሉ አንድ ገጽ ማመልከቻ ለመክፈት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ይህን ያዩት የጎረቤት ቡና አፍይ ረከቦታቸውን ወደ በሩ አስጠግተዋል። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ እስኪረጋጋ አቦል ይጠጣል፤ ፍላሹ እስኪፈተሽ ቶና ይደርሳል፤ ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ በረካ ላይ ነን። ያን ሁሉ ፍተሻ አልፎ ግን የተማሪው ፍላሽ ውስጥ ያለው ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት (ፋይሉ የማይታይበት ባዶ ምልክት) ሆኖ ይገኛል፤ ጊዜው ያለፈበት ጠባቂ አዲስ ሌባ አያውቅም።

እና አንቲቫይረሶቹ ይነሡ ተባለ። እዚህ ላይ የከተማችን ሊቃውንት በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ምልክት ይዘው ወደ ቆሻሻ መጣያው ይጎትቱና እጃቸውን ያራግፋሉ። «ይኸው፣ ጠፋ!» የጠፋው ወደ ፕሮግራሙ የሚያመለክተው ምልክት ብቻ መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ከአፍታ በኋላ ብቅ ብሎ ይመሰክራል። ሁለተኞቹ ደፋሮች ናቸው፤ ፎልደሩን ካለበት ፈልገው ሊሰርዙት ይታገላሉ። አይሰረዝም። ቫይረስ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ሊያጠፋ የሚሞክረው አንቲቫይረሱን ስለሆነ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ማንም እንዳይነካቸው ሆነው ነው የተሠሩት፤ የባለቤቱን እጅ ከቫይረስ አይለዩም። ሦስተኞቹን ታውቋቸዋላችሁ። ፎርማት የሚወደደው ስለሚያድን አይደለም፤ ማሰብ ስለማይጠይቅና ስለሚያስከፍል ነው። የሰው መመረቂያ ጽሑፍና የልደት ማመልከቻ አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ያው ባለሙያ ዊንዶውስ ሲጭን ያንኑ አንቲቫይረስ ከዚያው ፍላሽ መልሶ ይጭናል።

በዚህ መካከል አንዲት የፖሊ ግቢ ተማሪ ወረፋ ይዛ ዝም ብላ ቆማለች።

«እትዬ፣ እኔ አንድ ጊዜ ልየው?»

«እዪልኝ የኔ ልጅ፤ ያላየው የለም» አሉ የቤቱ ባለቤት።

ተቀምጣ የተጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ገባች፤ ስሙን መርጣ አራግፍ አለችው። ልመናው ተጀመረ። «በእርግጥ ሊለቁን ነው?» ቀጥሎ፣ «ኮምፒውተርዎ ያለ ጥበቃ ይቀራል!» ቀጥሎ ደግሞ ቅናሽ። «ልቆይ» የሚለው ቁልፍ ሰፊና አረንጓዴ ነው፤ «ልሂድ» የሚለው ከታች በደበዘዘ ፊደል ተሸሽጓል። እድር ለመልቀቅ የሞከረ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል፤ ማንም በግድ አይዝህም፣ ግን «ማን ሊቀብርህ ነው?» ትባላለህ። (ጣጣው የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 ማክአፊ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው ጆን ማክአፊ፣ ኩባንያውን ከለቀቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ስሙን የተሸከመው ፕሮግራም እንዴት እንደሚራገፍ እያላገጠ የሚያሳይ ቪዲዮ ሠርቶ ኮምፒውተር በሽጉጥ ተኩሷል። የእኛዎቹ ፎርማት ላይ መቆማቸው ጨዋነት ነው።)

ሁለቱንም በየተራ አራግፋ ኮምፒውተሩን ዘግታ ከፈተችው። ሐኪሞቹ «በቃ አለቀ» አሉ። አላለቀም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከዊንዶውስ ሥር ድረስ የሚገባ ድራይቨር የሚባል ረዳት ፕሮግራም አለው፤ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥም ስሙን ይጽፋል፤ ከተራገፈ በኋላ ትራፊው ሊቀር ይችላል። ያኔ ዊንዶውስ የሄደው ጠባቂ አሁንም ያለ ይመስለውና የራሱን አያስነሣም። ባለባጃጁ ሬጅስትሪውን ከፍቶ ስሙ ያለበትን ሁሉ እንዲሰርዝ ፈቃድ ጠየቀ፤ ልጅቷ ማውሱን አልሰጠችውም። የታወቁት አንቲቫይረስ ሠሪዎች ለዚሁ ትራፊ የሚሆን ማጽጃ በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ያስቀምጣሉ፤ አቫስት አለው፣ ካስፐርስኪ አለው፣ ኢሴትም አለው። የየራሳቸውን አወረደች። ከዚያ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ይዛ ሪስታርት አለችና ወደ ሴፍ ሞድ ገባች።

ስክሪኑ ጠቆረ። ፊደሉ አበጠ፤ በአራቱም ማዕዘን «ሴፍ ሞድ» የሚል ጽሑፍ ተቀመጠ።

«ገደለችው!» አለ ባለመመረቂያው። ጽሑፉ ውስጥ ነበር።

አልሞተም። ሴፍ ሞድ ላይ ዊንዶውስ ለመቆም የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ስለሚነሣ፣ ራሱን የሚከላከለው ፕሮግራም ሳይነቃ ነው የሚጸዳው። ማጽጃዎቹ ሥራቸውን ጨረሱ፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሣ፤ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ የሚለውን ስትከፍት አረንጓዴ ምልክት ወጣ።

«ባዶውን ልትተዪው ነው?» አሉ የዘጌው አባት።

«ባዶ አይደለም አባቴ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ አብሮ ይመጣል። ሌላ ሲጫን ዘወር ይላል፤ ሌላው ሲወጣ ይመለሳል።»

«እርሱንስ ማንሣት አይቻልም?» ባለባጃጁ ነው፤ ማንሣት ጥሞታል።

«የዊንዶውስ አካል ነው። ለጊዜው ቢያጠፉትም ራሱ ተመልሶ ይበራል።»

ፍላሹ ተሰካ፤ ጽሑፉ ተከፈተ፤ ታተመ። ባለመመረቂያው የመጀመሪያውን ስኒ እንደያዘ ተጠርዞ ተሰጠው፤ ባለባጃጁ ኮፒውን አጣጥፎ ወጣ፤ የዘጌው አባትም ጀልባ እንዳያመልጣቸው ተነሡ። ቡና አፍይዋ ጀበናቸውን እንደያዙ ባዶውን አግዳሚ አዩና ወደ ውስጥ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ምን ጫናችሁበት?»

«ምንም አልጫንንበትም እትዬ፤ አነሣንለት እንጂ።»

«እንግዲያስ መልሱለት!»